የይማርሽ ጭንቅላት ልክ

«ለሴት የሚሆን ሄልሜት አገሩ ላይ የለም፤ እኔ ምን ላድርግ?» ሲል በመስኮቱ ሰማሁት። ያውም እየሳቀ። እኔ ከክትባት ቢሮው ደጅ፣ እዚያው ክትባት የምትሰጠው ልጄ ይማርሽ ጠዋት ረስታው የወጣችውን ነጠላ ይዤ ቆሜያለሁ። ተናጋሪው ጓድ ደርበው ነው፤ የቢሮው ኃላፊ፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ለሁለት ሰው ሲያወራ እንኳ ስብሰባ የሚመራ የሚመስል። ማርች ስምንት ሲከበር በሴቶች እኩልነት ጉሮሮው እስኪነቃ የጮኸው እሱ ነው፤ እኛ የላሊበላ ሴቶች ደግሞ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን አጨብጭበንለታል። አሁን ልጄን ከፊቱ አቁሞ፣ የቢሮው ሄልሜት ጭንቅላቷ ላይ እንደሚዞር፣ ያለ ሄልሜት ሞተር መንዳት በደንቡ እንደተከለከለ፣ ስለዚህ አዲሱን ሞተር ሰኞ የሥራ ባልደረባዋ ታፈረ ተረክቦ ወደ ብልባላ እንደሚወጣበት ይነግራታል። «ታፈረ እኮ መንጃ ፈቃድ የለውም» አለች ይማርሽ ቀስ ብላ። «ያወጣል» አላት፤ «ጭንቅላቱ ግን ልክ ነው።» ሌላ ሰው ሳቀ፤ ታፈረ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ጓድ ደርበው ቸር መሆን አማረውና፣ «እሺ፣ እስከ ዛሬ ማታ ልክሽ የሆነ ሄልሜት ካመጣሽ ቁልፉን እኔው በእጄ እሰጥሻለሁ» አለ። ላሊበላ ውስጥ ሄልሜት! ክብሪት ሲጠፋ መኪና እስኪመጣ እሳት ከጎረቤት የምንጫጫር ሰዎች! ልጄም ምን ብትል ጥሩ ነው? «እሺ» አለች።

ያቺ «እሺ» አንጀቴን አቃጠለችው። ይማርሽ እቤቷ ስትሆን እሺ የምትል ልጅ አይደለችም፤ እኔን ጠይቁኝ። ከደሴ መንጃ ፈቃዱን ይዛ የመጣች ዕለት «ይኼን ወረቀት እሳት ውስጥ ጨምሪው» ብያት፣ አጥፋ ሣጥኗ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞተሩ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። የምንኖረው ከድንጋይ በተሠራችው ክብ ቤታችን ፎቅ ላይ ነው፤ አንዲት ክፍል፣ ሁለት መደብ፣ መሀሉ ላይ የእኔ የፈትል ዕቃ። ከአንድ ገበታ እንበላለን፣ ጨው አቀብዪኝ እንባባላለን፣ ስለ በግ ዋጋ እናወራለን፤ ሞተር የሚባለው ነገር ሲመጣ ግን እሷ ወደ መስኮቱ እኔ ወደ እንዝርቴ። ንቄያት አይደለም፤ ስለፈራሁ ነው። የብልባላን መንገድ በእግሬም በአህያም አውቀዋለሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ አህያ እንኳ ቆም ብላ ነው የምታስበው። ግን ደግሞ ያን ሰሞን ኩፍኝ የገባ ጊዜ ይማርሽ መድኃኒቱን በበቅሎ ጭና ሄዳ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ መንገድ ላይ ቀልጦ፣ «የሞቀ ክትባት ውኃ ነው፤ አልወጋም» ብላ ተመልሳለች። የብልባላ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈው ነበር አሉ። ያን ዕለት እራት አልበላችም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ሳህኑን አንስቼ ከደንኩት።

ነጠላውን ለዘበኛው ሰጠሁና ቁልቁል ወደ ገበያ ወረድኩ። ቅዳሜ ነው፤ የላስታ ሰው ሁሉ ወርዷል። ፍየሉ ይጮኻል፣ ማሩ በቅል ይመዘናል፣ የጨው ነጋዴዎች ከአህያቸው ጋር ይጣላሉ። ትልቁ በዓል ደርሷልና ዋጋው ሁሉ ጣራ ነክቷል፤ ሽንኩርቱን ስጠይቅ ሴትዮዋ እንደ ወርቅ ጠራችብኝ፣ ጥያት ሄድኩ። ልቤ ያለው ሸዕባን ጋ ነው። ሸዕባን የወልድያ ሰው ነው፤ በኤንትሬ የጭነት መኪና ሳሙና፣ ላምባ፣ ኩባያና ሰልባጅ ኮት ጭኖ ይመጣል። ያለፈው ሳምንት ከመኪናው ጎን በገመድ ያንጠለጠላቸውን ክብ ክብ ነገሮች አይቼ፣ ደግሞ ይኼ ምን ጉድ ነው ብዬ ማለፌ ትዝ ብሎኛል።

«ሸዕባን፣ የሞተር ቆብ አለህ? ሄልሜት የሚሉት?»

«አጂብ!» አለና ሚዛኑን አስቀመጠ። «እትዬ ብርቅዬ፣ ሞተር ጀመሩ እንዴ?»

«ጀመርኩ፤ አንተን ምን አገባህ? ይልቅ አውርድልኝ።»

ሦስት ናቸው። ከኮምቦልቻ ከኮት ጋር ተጠቅልለው የመጡበት ናቸው፤ ላሊበላ ውስጥ የጠየቀው ሰው ቢኖር ዶሮ ላስታቅፍበት ያለች አንዲት ሴትዮ ብቻ ናት። ቢጫውን ገና እጄ ሳይነካው «እሱ የግንብ ሠራተኛ ነው፣ ለሞተር አይሆንም፤ አላሞኝዎትም» ብሎ ወረወረው። የቀሩት ቀይና ጥቁር ናቸው። ቀዩ ያብረቀርቃል፤ ፊት ለፊቱ ክፍት ነው፤ የለበሰው ሰው ከግንባሩ እስከ አገጩ ይታያል። እጄን ከትቼ ብዳብሰው ውስጡ ሰፊና ለስላሳ ነው። ጥቁሩ ግን አገጭ ድረስ የተዘጋ፣ በዓይን በኩል ብቻ የተቧጠጠ መስታወት ያለው፣ አፉ የጠበበ ነገር ነው። ማን ልኩን ይሞክር? ይማርሽን ጠርቼ ከጓድ ደርበው ፊት «እናቷ መጣች» ላስብላት? ሻሼን ጠበቅ አደረግሁና ቀዩን እኔው አናቴ ላይ ደፋሁት።

ገበያው ቆመ። እውነቴን ነው፤ በርበሬ የምትሰፍረው እንኳ ቁናዋን ይዛ ቀረች። «ብርቅዬ ዘመተች!» አለ አንዱ ከፍየሎቹ መሀል። «አዎን ዘመትኩ፤ ስንቅ አዋጡ!» አልኩት። ሳቁ። ይሳቁ። ሄልሜቱ ራሴ ላይ ተመችቶኛል፤ ወደዚህም ወደዚያም ስዞር አየር ይገባል፣ ጆሮዬም አልተጨነቀ። እኔ ደግሞ ይማርሽን ከልጅነቷ ጀምሮ ያለበስኳት ሰፋ እያደረግሁ ነው። ጠባብ ልብስ የለበሰ ልጅ ሳይ እናቱ ጨርቅ ያጠራት ይመስለኛል። ይኼም ሰፋ ይበል፤ ለበዓሉ የሠራሁላት ሹሩባ ሳይፈርስ ይገባበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊቷ ይታያል! ልጄ በሞተር ብልባላ ስትገባ አገር ሁሉ «ይማርሽ ናት» ይበል እንጂ! ጥቁሩን የለበሰ ሰውማ እሱ ይሁን እሷ፣ ቄስ ይሁን ሌባ ምኑ ይታወቃል?

«የሚጠብቀውን ነው የሚወስዱት፣ እትዬ» አለ ሸዕባን። «ሄልሜት እንደ ቀሚስ አይደለም። ደግሞ በእርስዎ ራስ ለሷ አይሆንም፤ ሁለቱንም ይውሰዱና ራሷ ትሞክር። መኪናዬ ሳይወጣ የማይሆነውን ይመልሱልኛል።» ብዙም አልተከራከርንም። በዘንቢሌ የያዝኩትን ልቃቂት አየው፤ ለራሴ የበዓል ቀሚስ ብዬ ክረምቱን ሙሉ የፈተልኩት ነው፣ ቀጭን፣ አንድ እጅ። ከወልድያ ድረስ የእኔን ፈትል የሚያውቅ ሰው ነው፤ ዓይኑ እዚያው ቀረ። ዘንቢሉን እንዳለ ሰጠሁትና በቀዩ ተሸፍኜ፣ ጥቁሩን በብብቴ ይዤ ዳገቱን ተያያዝኩት።

መንገድ ላይ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከነመቋሚያቸው ሲወርዱ አገኘኋቸው። ቆም አሉና አማተቡ። «ወይዘሮ ብርቅዬ፣ ምንድን ነው እሱ?» «ለልጄ ነው፣ አባቴ። ከሞተር ብትወድቅ ራሷን እንዲያተርፍላት።» ከዚያ እኔ ከነለበስኩት በመቋሚያቸው ጫፍ አናቴን ኳ ኳ አደረጉት። «ተሰማሽ?» አሉኝ። «ድምፁ እንጂ ሕመሙ አልተሰማኝም» ብላቸው፣ «እንግዲያውስ ደግ ነው፤ እግዜር ይጠብቃት» ብለው ባርከውኝ አለፉ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ፤ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ነው ሰፈሬ የገባሁት።

ይማርሽ ለምሳ መጥታ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት የተባለችውን አልነገረችኝም፤ መስማቴንም አታውቅም። አየችኝ። ቀዩን አየችው፣ ጥቁሩን አየችው፣ እንደገና እኔን አየችኝ። ከመደቡ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። እኔም ሁለቱን መደቡ ላይ ደረደርኩና እንጀራውን ላቀርብ ዞርኩ። እንደዚህ ነን፤ ከባዱን ነገር እናስቀምጠዋለን እንጂ አንናገረውም። ስመለስ ቀዩን አድርጋለች። አቤት ማማሯ! ጥርሷ፣ ግንባሯ፣ ያ ንቅሳት የሌለው ንጹሕ አንገቷ። «እሰይ!» አልኩ ሳላስበው፤ «እሰይ፣ የኔ ልጅ! ይኼ ነው!» ማሰሪያውን አገጯ ሥር ቆለፈችና አጎነበሰች። «ከኋላ ወደ ፊት ግፊው፣ እምዬ» አለችኝ። በሌባ ጣቴ ብነካው ተንሸራቶ ከዓይኗ ወረደ፤ ትንሽ ጨመር ሳደርግበት ከነማሰሪያው ወልቆ ጉልበቷ ላይ ወደቀ።

«ባዘቶ እጠቀጥቅበታለሁ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ጥጥ ሞልቶኛል። ዙሪያውን ጠቅጥቄ ልክሽ አደርገዋለሁ።»

«ጥጥ ሲመታ ይተኛል፣ እምዬ። ሄልሜቱ ሜዳ ላይ ይቀርና እኔ ለብቻዬ ድንጋዩ ላይ አርፋለሁ።» ያን ጊዜ የፍላቂቱ ሰውዬ ትዝ አለን፤ ሁለታችንም አንድ ላይ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። የከብት ሐኪም ረዳት ነበር፤ ከሞተር ወድቆ በቃሬዛ ሲያሳልፉት ከኋላው አንድ ልጅ እግር ምንም ያልነካውን ሄልሜቱን በእጁ አንጠልጥሎ ይከተል ነበር። ሰፍቶት ከራሱ ላይ በርሮ ነው አሉ። ይማርሽ ጥቁሩን አነሳች። ወደ መስኮቱ ወስዳ ብርሃን ላይ አገላበጠችው፤ ስንጥቅ እንዳለው በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ተጫነችው፤ ውስጡን ዳበሰች፣ ማሰሪያውን ሳበች። ልታደርገው ስትሞክር ግን ከግንባሯ በላይ አልወርድ አለ። ሹሩባው ያዘው። ወርዶ ዓይኖቿ ብቻ ሲቀሩ በሐሳቤ አየሁት።

«ተዪው እሱን!» አልኩ። «ፊትሽን ይውጠዋል። ያን ሁሉ ተምረሽ፣ ያን ሁሉ ደክመሽ፣ አገር ሳያይሽ? ጓድ ደርበው ሳያይሽ? ሰው ታፈረ ነው እያለ ያለፈሽ እንደሆነስ?»

ሄልሜቱን አወረደችና አየችኝ። «እምዬ፣ የምትፈልጊው እንዲያዩኝ ነው ወይስ እንድመለስ?»

«ሁለቱንም!» ብዬ ጮኽኩ። «ሁለቱንም ነው የምፈልገው! ምነው፣ በዛብኝ?» እንባዬም መጣ፣ ንዴቴም መጣ። ከዚያ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ነገር ወጣ፤ በጠዋት መስኮቱ ሥር መቆሜን፣ የደርበውን ሳቅ መስማቴን፣ እሺ ስትል አንጀቴ መቃጠሉን፣ የብልባላን ቁልቁለት መፍራቴን፣ መፍራቴን መናገር አፍሬ መንጃ ፈቃዱን አቃጥይው ማለቴን፣ ያን ወረቀት ግን ለጎረቤት ሁሉ እንዳወራሁበት። «ለእትዬ አመተ ጊዮርጊስ የነገርሽው አንቺ ነሽ?» አለች። «እና ማን ይንገራት?» አልኩ። ሳቀች። ልጄ እኔ ፊት ስለ ሞተር ነገር ስትስቅ ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝና ከመደቡ ሥር፣ ከጉልበቴ መሀል ተቀመጠች። «ፍቺልኝ» አለች።

ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የሠራሁት ሹሩባ ነው። ለልደት ከየአገሩ የሚመጣው ሰው፣ ዘመድ አዝማድ፣ ሁሉ የሚያየው። አንዷን ጫፍ ያዝኩና ፈታሁ። ሁለተኛዋን ፈታሁ። ስፈታ ጭንቅላቷን በመዳፌ ዳበስኩት፤ ከኋላ በኩል ትንሽ ጎበጥ ይላል፣ እንደ አባቷ። ፀጉሩን አበጥሬ፣ ጭንቅላቷ ላይ አስተኝቼ፣ ማጅራቷ ላይ ዝቅ አድርጌ በስሱ አሰርኩት። ጥቁሩን አነሳችና በሁለት እጇ ማሰሪያዎቹን ወደ ውጭ ከፍታ ቀስ እያለች አወረደችው። ገባ። ጉንጮቿ ተሰበሰቡ፤ በመስታወቱ ቀዳዳ ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ፣ ትልልቅ። እንድገፋው ሳትነግረኝ ገፋሁት። ከኋላ፣ ከጎን፣ ከላይ። ግንባሯ አብሮት ተንቀሳቀሰ እንጂ ሄልሜቱ ብቻውን አልሄደም። «ያምሻል?» «ይይዘኛል እንጂ አያመኝም» አለች ከውስጥ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። እንዳታታልለኝ «አታውልቂው፣ ቁጭ በይ» አልኳትና ምስሬን ለቅሜ እስክጨርስ ከነሄልሜቷ አስቀመጥኳት። ጎረቤት ቢገባ ምን ይል ነበር! በኋላ ስታወልቀው ግንባሯን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። የቀላ ነገር የለም፤ የተጫነ ነገር የለም። ጆሮዋንም አገላብጬ አየሁ። «ይኼ ነው» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ትንሽ ከበደኝ፣ አልዋሽም። ግን አልኩት።

ጥቁሩን ይዛ ወደ ቢሮው ወጣች። «አብሬሽ ልምጣ?» ብላት «ቁልፉን ብቻዬን ልቀበል፣ እምዬ» አለችኝ፤ ልክ ናት። እኔ ቀዩን ይዤ ወደ ገበያ ወረድኩ። ሸዕባን መኪናውን መጫን ጀምሯል። ቀዩን ተቀብሎ ወደ ላይ ወረወረና «ጥቁሩ ሆነ? አልሐምዱሊላህ!» አለ፤ ዘንቢሌን ባዶውን መለሰልኝ። የበዓል ቀሚሴ ወደ ወልድያ መሄዱ ነው። ይሂድ። ያኔ ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ጓድ ደርበው ሌላ ምክንያት ቢያመጣስ? ሲሾሙት ምክንያት ማምጣትን አብረው የሰጡት ሰው ነው። አሁን ደግሞ የቦት ጫማ የላትም ይላት ይሆናል፣ ወይ ከአውራጃ ደብዳቤ ይምጣ። ከጨው ነጋዴዎቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዳገት ዳገቱን አየሁ። ፍየል ሻጮቹ እየተበተኑ ነው፤ የብልባላ ሰዎች አህዮቻቸውን ይጭናሉ። መቀመጥ አቃተኝና ተነሣሁ። መቆምም አቃተኝና ተቀመጥኩ።

የሞተሩ ድምፅ ከላይ፣ ከቢሮው በኩል ተነሣ። ታፈረ ቢሆንስ? መታጠፊያው ላይ አቧራው ቀድሞ ታየ፤ ከዚያ ሞተሩ፣ ከዚያ ጥቁር ሄልሜት። ሰው «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ አህዮቹን ወደ ዳር ሳበ። ጥቁሩ ሄልሜት! ፊት የሚባል የለውም፤ አፍ የለው፣ ጉንጭ የለው፣ መስታወቱ ላይ ሰማዩ ብቻ ይታያል። እኔ ግን አወቅኋት፤ ቀጥ ብሎ የተቀመጠውን ወገቧን፣ ክርኗን፣ ወፍጮ ቤት ከነጆንያዋ ስትሄድ የምታሳየውን ያን ኩራት። ገበያው መግቢያ ላይ ያለውን ድንጋያማ ቁልቁለት ሳትቸኩል፣ እግሯን ሳታወርድ ወረደችው። ከኋላዋ፣ ከዳገቱ አናት ላይ፣ ካኪ ለባሹ ቆሞ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ይመለከታል። ቁልፉን በእጁ ሰጥቷል ማለት ነው! በገበያው ዙሪያ ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ዞረች።

«አቤት፣ እንዴት ያለ ጀግና ነው!» አለ አጠገቤ አህያውን የሚጭን ከፋለ የሚባል የብልባላ ሰው፤ ገመዱን እንደያዘ አፉን ከፍቷል። «ይኼ ወንድ የማን ልጅ ነው?» ሚስቱ ሕፃን አዝላ አጠገቡ ቆማለች፤ እሷም አንገቷን አስግጋለች። ሌሎቹም ጠየቁ፤ የማን ልጅ ነው፣ ከየት የመጣ ነው፣ ከደሴ የላኩት ነው? ማንም የሚያውቅ የለም። ይማርሽ በሄልሜቷ ውስጥ ምንም አትሰማም፤ ብትሰማም አትቆምም፤ ዳገቱን ልትመለስበት ሞተሩን አስጓራችው። ፊቷን ጥቁሩ ሸፍኖታል፤ የእኔን አፍ ግን ማን ሸፈነው? ድንጋዩ ላይ ወጣሁ፤ ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ እንደ ባንዲራ ከፍ አደረግሁትና ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣ ላሊበላም ላስታም እንዲሰማ ጮኽኩ።

«ይማርሽ ናት! ይማርሽ፣ የብርቅዬ ልጅ! እናንተ የብልባላ ሰዎች፣ ሰኞ ክትባቱን ከነበረዶው ይዛ ትመጣላችኋለች፤ ልጆቻችሁን ታቅፋችሁ ጠብቋት!»